ሁለቱ ትርፍ ድስቶች

የእጅ ጋሪዬ የግራ ጎማ እስከ መሀሉ ጭቃ ውስጥ ሲሰምጥ ከኋላችን የፈረስ ኮቴ ሰማሁ።

«ግፋ!» አልኩት ፓንግን።

«እየገፋሁ ነው እኮ!»

«አንተ የያዝከው የበሬ ገመድ ነው። ጋሪውን ግፋ።»

ፓንግ የሚስቴ ወንድም ነው። በአገራችን በቱዋን ቤተ መንግሥት የሥጋ ሹም ከሆነ ሃያ ዓመት አልፎታል። የመሥዋዕት ከብት የሚያርደውም የሚበልተውም እሱ ነው፤ የትኛው ሥጋ በየትኛው ድስት እንደሚገባም ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ያን ቀን ጠዋት ከላይኛው ግጦሽ አንድ በሬ እየነዳ ሲመጣ መንገድ ላይ አገኘኝና አብረን ወረድን። በሬው ጥቁር ነው፤ አንድ ነጭ ጠጉር አይገኝበትም። ፓንግ ለሦስት ወር በገለባ ሲያሸው፣ የተፈጨ እህል ሲያበላው ከርሟል። እህቱን እንደዚያ ተንከባክቦ አያውቅም።

«በሬውን እንጥመደው» አልኩት። «አንዴ ቢስበው ይወጣል።»

«አብደሃል? ቀንበር የነካው በሬ ለመሥዋዕት አይሆንም። ትከሻው ላይ አንድ ጭረት ቢገኝ የኔ አንገት ነው የሚቆረጠው።»

«ጋሪው እስከ ቀትር ካልገባ ደግሞ የኔ እግር ነው።»

«ያንተ እግር ይሻላል። አንተ ተቀምጠህ የምትሠራ ሰው ነህ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። ግን በማቅለጫው በር ላይ የሚቀመጠው ዘበኛችን ሁለት እግሩን የተቆረጠ ሰው ነው። ድሮ እንደኔ ነሐስ ሠሪ ነበር፤ የሌላ መስፍን ምልክት በሰይፍ ላይ ቀርጸሃል ተብሎ ነው። ጠዋት ጠዋት እየተሳበ መጥቶ በሩን ሲከፍትልኝ ዓይኔን ወደ ሰማይ አነሣለሁ።

ጋሪው ላይ፣ በሰሌን ተሸፍነው፣ ሁለት ባለሦስት እግር የነሐስ ድስቶች ነበሩ። አንዱ አንድ ሙሉ የበሬ ጭን የሚችል ትልቅ ነው፤ ሌላው በአንድ ክንድ የሚታቀፍ ትንሽ። እጄ ከሠራቸው ሥራዎች ሁሉ እነሱን የሚያህል የለም፤ ይህን የምለው ለመመካት አይደለም። የትልቁ የሸክላ ቅርጽ ሁለት ጊዜ ተሰንጥቆብኝ በሦስተኛው ነው ነሐሱ ሞልቶ የወጣው።

ጌታችን፣ የቱዋን መስፍን፣ ከሞቱ አምስት ወር ሆኗቸው ነበር፤ ቀብራቸው በማግሥቱ ነው። እንግዲህ መስፍን ሲቀበር ማንነቱ የሚታወቀው በድስቶቹ ቁጥር ነው። ለንጉሥ ዘጠኝ፣ ለጎንግ ሰባት፣ ለዚ አምስት። ጌታችን የመሳፍንቱ ሁሉ የበላይ በሆኑት በጆው ንጉሥ መዝገብ ዚ ነበሩ፤ ከአምስቱ የመሳፍንት ማዕረጎች አራተኛው ማለት ነው። በአገራቸው ግን ገበሬውም ወታደሩም በመጀመሪያው ማዕረግ ጎንግ ይላቸው ነበር። ማንም ያዘዘው የለም፤ ለማክበር ብሎ ሰው ይላል። ሠላሳ ዓመት ሲባሉ ኖሩ። ልጃቸው ጌታ ዪን ደግሞ አባታቸው ጎንግ ሲባሉ እየሰሙ አደጉ፤ አባታቸው በሞቱ በሳምንቱ ማቅለጫው ድረስ መጥተው «አባቴ በአምስት ድስት አይቀበሩም። ሁለት ጨምር» አሉኝ። ጨመርኩ።

ፈረሶቹ ደረሱ። ዘወር ብዬ ሳይ ባለ አራት ፈረስ ሠረገላ ነው፤ በላዩ ዘንዶ የተጠለፈበት ሰንደቅ ይውለበለባል። የንጉሡ መልእክተኛ ማለት ናቸው። የምንጠብቃቸው በማግሥቱ ማለዳ፣ በሥርዓት፣ በከተማው በር ነበር።

«ከመንገድ ውጡ!» ብሎ ጮኸ ነጂው። «የንጉሥ ሠረገላ ነው!»

«መውጣቱንማ ብንችል ማን ይጠላል?» አለ ፓንግ።

መልእክተኛው ሽማግሌ ናቸው፤ ቀጭን፣ ጢማቸው የሳሳ፣ የፊት ጥርሳቸው አንዱ የወለቀ። ሺንግ ይባላሉ። የልብሳቸውን ጫፍ ሰብስበው ጭቃው ውስጥ ወረዱ፤ ነጂው እጁን ሲዘረጋላቸው አልያዙትም። ጋሪውን አላዩትም። ያዩት በሬውን ነው።

«ያምራል» አሉ። «የማን ነው?»

ፓንግ ደረቱን ነፋ። «የቱዋን ቤት ነው ጌታዬ። ለነገው ቀብር። ሦስት ወር በእጄ ነው ያበላሁት።»

«ቀብሩ በበሬ ነው እንዴ?»

ፓንግ በሬውን ወደ ኋላው ሳበ። ምን እንዳደረገ የገባው ያኔ ነው፤ እሱ የማያውቀው ሥርዓት መቼም አይደለም። የአምስት ድስት መሥዋዕት የሚጀምረው ከበግ ነው። በሬ የሚገባው ከሰባት ጀምሮ ነው።

«ከበሬው ቀጥሎ ምን ይገባል?» ብለው ጠየቁት፤ ድምፃቸው አልተለወጠም፤ የመንገድ አቅጣጫ የሚጠይቁ ይመስላሉ።

«በግ» አለ ፓንግ። «ከዚያ... አሳማ። ዓሣ። የደረቀ ሥጋ። የአሳማ ቆዳ።» ድምፁ እየሳሳ መጣ። «አንጀት።»

ሽማግሌው በጣታቸው ቆጥረው ሰባተኛዋ ላይ ቆሙ። ከዚያ ወደኔ ዞሩና «ሰሌኑን አንሣው» አሉኝ።

አነሣሁት። ትልቁን አዩ፣ ትንሹን አዩ። «በነዚህ በሁለቱ መሀል አምስት ይገባል» አሉ። ከዚያ እጃቸውን ትልቁ ድስት ውስጥ ሰደው በሆዱ ላይ የቀረጽኩትን ጽሑፍ በጣታቸው ዳሰሱት። እንደ ዕውር እየነካኩ አነበቡት፦ «የቱዋን ጎንግ ዕቃ። ልጆቹ ለዘላለም ይገልገሉበት።» ጣታቸው ጎንግ የሚለው ላይ ትንሽ ቆየ።

«ጽሑፉ ያንተ ነው?»

«ያዘዙኝን ነው የጻፍኩት ጌታዬ።»

«እሱን አልጠየቅሁህም።»

«የኔ ነው።»

«እጅህ ጥሩ ነው። አሮጌዎቹ አምስቱ አሁንም አሉ?»

«አሉ። አባቴ ነው የሠራቸው።»

«እነሱስ ላይ ምን ተጽፏል?»

«ዚ» አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ወደ ፓንግ ዞረው «በሬውን ጋሪው ላይ ጥመደው» አሉት።

ምን ማለታቸው እንደሆነ ወዲያው ነው የገባኝ። ቀንበር ከነካው በሬው ተበላሸ፤ በሬ ከሌለ ሰባት ድስት የለም፤ ማንም ማንንም ሳይከስ ነገሩ እዚሁ ጭቃ ውስጥ አለቀ። ፓንግ ግን ጭቃው ላይ ተንበርክኮ የበሬውን አንገት አቀፈ።

«ጌታዬ፣ ይገድሉኛል። እባክዎን ጌታዬ፤ አምስት ልጆች አሉኝ።»

ሽማግሌው እሱንም በሬውንም ለጥቂት ጊዜ አዩአቸው። ከዚያ ተነፈሱና ለነጂያቸው «ፈረሶቹን ፍታ» አሉት።

እንግዲህ የንጉሡን ሥርዓት የሚያፈርሱትን ድስቶች ከጭቃ ጎትተው ያወጡት የንጉሡ ፈረሶች ናቸው። ነጂው እያጉረመረመ መልሶ ሲያስራቸው ሽማግሌው ሠረገላቸው ላይ ወጡና ከላይ ሆነው እንዲህ አሉኝ፦

«ነገ አዳራሹ ውስጥ እገባለሁ። እዚያ የማየውን እጽፋለሁ። ዛሬ ያየሁት ጭቃ ነው።»

ሄዱ። ፓንግ የበሬውን ትከሻ እየዳሰሰ ያባብለው ጀመር። «አየህ» አለኝ፣ «ጭረት የለበትም።»

*

ወሬው ከኔ በፊት ቤተ መንግሥት ገብቶ ነበር። የጎን ግቢ ውስጥ ጌታ ዪን ነጭ የሐዘን ልብሳቸውን ለብሰው ወዲያ ወዲህ ይላሉ፤ አጎታቸው ቾንግ ደግሞ ምሰሶ ተደግፎ ቆሟል። ቾንግን አንቱ ማለት ካቆምኩ ቆይቻለሁ፤ ለምን እንደሆነ ትሰማላችሁ።

ተንበርክኬ ያየሁትን፣ የተባልኩትን ሁሉ ተናገርኩ። ስለ ጭቃው ያሉትንም አልተውኩም።

«መውጫ ሰጥተውናል» አሉ ጌታ ዪን፣ ለራሳቸው ይመስላል።

«መውጫው ወዴት ነው?» አለ ቾንግ። «የደቡቡ መስፍን የላከው ሰውዬ በእንግዳ ማረፊያ ሦስት ቀኑ ነው። ሃያ ሠረገላ ይዞ የመጣው ሊያለቅስልን ይመስልሃል? ጌታው ራሱን ንጉሥ ብሎ ነው የሚጠራው። ጋኦ ደግሞ በሱ ማዕድ ነው የሚበላው።»

ጋኦ የጌታ ዪን ወንድም ነው፤ ከቁባት የተወለደ። ከአባቱ ጋር ተጣልቶ ወደ ደቡብ ከሸሸ ስድስት ዓመት ሆኖታል።

«ነገ አምስት ድስት ካየ» አለ ቾንግ፣ «ይህች ቤት ትንሽ ናት ብሎ ይመለሳል። በልግ ሲገባ ጋኦን ሠረገላ ላይ አስቀምጠው ይመጣሉ። የጆው ንጉሥ ያድነናል? ስንት ወታደር አለው? የራሱን አጥር ማደስ ያቃተው ሰው!»

«ንጉሡ ካላጸደቁኝ ግን» አሉ ጌታ ዪን፣ «እኔና ጋኦ በምን እንለያለን? እሱም ልጅ፣ እኔም ልጅ። ጎረቤቶቻችን ዝም የሚሉት በዚያች ማጽደቂያ ነው።»

«ሽማግሌው አይናገርም። ጥርሱ የወለቀ ሰው ደፋር አይደለም።»

ጌታ ዪን እንደገና ወዲያ ወዲህ አሉ። ሠላሳ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ያን ጊዜ ግን ሐዘኑና ጾሙ አክስቷቸው አሥራ ስምንት ይመስላሉ። «ሰባት ይሁን» አሉ በመጨረሻ።

«ጥሩ። ነገሩ ከተበላሸ ደግሞ» አለ ቾንግ፣ ድምፁን እንኳ ዝቅ አላደረገም፣ «ነሐስ ሠሪው ትእዛዙን ሳይገባው ቀርቶ በራሱ ጨመረ እንላለን።»

እኔ እግሩ ሥር ተንበርክኬአለሁ። እዚያ መኖሬን የረሳ መስሎኝ ነበር፤ አልረሳም። ለሱ እንደ ምሰሶው ነበርኩ። ጌታ ዪን አዎም አይደለምም አላሉም፤ ፊታቸውን አዙረው ገቡ።

ከግቢው ስወጣ እመቤት ቦ ጂያንግ በረንዳው ላይ ቆመው አገኘኋቸው። የሟቹ ሚስት ናቸው፣ የጌታ ዪን እናት። ሻካራ ነጭ ልብስ፣ በገመድ የታሰረ ወገብ፣ ጠጉራቸው ያልተበጠረ። ሁሉን ሰምተዋል።

«ኩዋይ» አሉኝ፤ ስሜን ማወቃቸውን አላውቅም ነበር። «ትልቁ ድስት ሙሉውን ስንት ሰው ያነሣዋል?»

«በጆሮዎቹ አግዳሚ እንጨት ከገባ አራት ሰው፣ እመቤቴ።»

«ትንሹስ?»

«አንድ ሰው ይበቃዋል።»

«እግርህን ታጥበህ ግባ፤ ጭቃ ነው» አሉኝና ሄዱ።

ቤቴ ገብቼ ለሚስቴ አልነገርኳትም። የዳጉሳ ገንፎ አቀረበችልኝ፤ ሁለት ጊዜ ጎርሼ ተውኩት። «ወንድምሽ በሬውን ከልጆቹ አብልጦ ይወዳል» አልኳት። «እሱን ሁሉም ሰው ያውቃል» አለችኝ።

*

በማግሥቱ ረፋድ ላይ አዳራሹ ሞላ። ሰባቱ ድስቶች በአንድ መስመር፣ ከትልቅ ወደ ትንሽ፣ ተደርድረዋል። በፊታቸው፣ እንደ ሥርዓቱ ከድስቶቹ በአንድ የሚያንሱ፣ ስድስት የእህል ዕቃዎች አሉ። እንፋሎቱ እስከ ጣሪያው ወጥቷል። አምስቱ የአባቴ ሥራዎች ዕድሜ አረንጓዴ አድርጓቸዋል፤ በጫፍና በጫፍ ያሉት የኔዎቹ ደግሞ ገና እንደ ወርቅ ያበራሉ። መመሳሰል አለባቸው ብዬ በጭስ ላጠቁራቸው ሞክሬ ነበር፤ አልያዘም። ቁጥሩን የማያውቅ ሰው እንኳ የትኞቹ አዲስ እንደሆኑ ያያል።

እኔ የቆምኩት ከደረጃው ሥር፣ ከፓንግና ከሥጋ ቤቱ ሰዎች ጋር ነው። ፓንግ አዲስ ሽርጥ ታጥቋል። «ሥጋው በደንብ በስሏል» አለኝ በሹክሹክታ። ያን ሰዓት የሚያስበው ይኸን ነበር።

በቀኝ በኩል የጎረቤት መሳፍንት መልእክተኞች ቆመዋል። ከሁሉም ፊት የደቡቡ ሰው፤ ወፍራም፣ ወጣት፣ ቀይ መታጠቂያ ለቀብር የታጠቀ። ድስቶቹን ቆጥሮ ሲጨርስ ከንፈሩን ገፋ አደረገ፤ ቢያንስ አልናቀም። ቾንግ አይቶት ፈገግ አለ።

ከዚያ ሽማግሌው ሺንግ ገቡ። ከኋላቸው አንድ ሰው ሣጥን ይዟል፤ በሟቹ አፍ የሚቀመጠው፣ ጄድ የሚባለው የንጉሡ አረንጓዴ ዕንቁ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ሌላው የቀርከሃ ጽላትና ብሩሽ ይዟል። ጌታ ዪን ሰገዱ። ሽማግሌው አልመለሱም። ከትልቁ ድስት ጀምረው እስከ ትንሹ፣ እያንዳንዱ ፊት አንድ አንድ እርምጃ እየቆሙ ሄዱ። ከዚያ ዞረው ወደ በሩ ተመለሱ።

«ይቅርታ» አሉ። «ቤት ተሳስቻለሁ።»

ከደጃፉ ላይ ዞረው ጌታ ዪንን አዩ።

«ንጉሡ የላኩኝ የቱዋንን ዚ እንድቀብር ነው። እዚህ የተኛው ጎንግ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በመዝገባችን የለም።» ለባለ ሣጥኑ በዓይናቸው ጠቀሱት፤ ሰውየው ዞረ።

ጌታ ዪን ደርቀው ቀሩ። ቾንግ አንድ እርምጃ ተራመደና ቆመ። ሽማግሌው የመጀመሪያውን ደረጃ ሲወርዱ ከመጋረጃው ጀርባ የሴት ድምፅ ተሰማ።

«ፓንግ!»

ፓንግ ዘለለ ማለት ይቻላል።

እመቤት ቦ ጂያንግ መጋረጃውን በእጃቸው ገልጠው ወጡ። ሴት በዚያ ሰዓት በዚያ በኩል አትወጣም። ወጡ እንግዲህ።

«የበሬውን ድስት አውጣ» አሉት። «የአንጀቱንም።»

ፓንግ እኔን አየኝ። እኔ ጌታ ዪንን አየሁ። ጌታ ዪን እናታቸውን ያያሉ።

«አልሰማህም?» አሉ እመቤቲቱ። ወደ ልጃቸው ዞረው ደግሞ፣ ለሁሉም እንዲሰማ፣ ግን ሳይጮኹ፣ «ባሌን እኔ ነኝ የማውቀው። ዕድሜውን በሙሉ ዚ ሆኖ ኖረ፤ አላፈረበትም። ዛሬ ስለተኛ ሌላ ሰው አይሆንም» አሉ።

ጌታ ዪን አንገታቸውን ደፉ። ያን ፓንግ እንደ ፈቃድ ቆጠረው። አግዳሚውን በጆሮዎቹ አስገባን፤ እኔና ፓንግ ከፊት፣ ሁለት ሰዎች ከኋላ። ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ ጉልበቴ ታጠፈ። ትኩሱ መረቅ እየተንጠባጠበ ክንዴን አቃጠለኝ፤ ጠባሳው ዛሬም አለ። የሰው ሁሉ ዓይን እያየን፣ ደረጃውን አንድ በአንድ፣ ሕይወቴን ሙሉ ከሠራሁት ሁሉ የሚበልጠውን ዕቃ ተሸክሜ ወረድኩ። ያኔ ያሰብኩት ስለ ማዕረግ አይደለም። ብንጥለው ጠርዙ ይጎረዳል ብዬ ነበር የፈራሁት።

ትንሹንም አንድ ሰው አውጥቶት፣ ግቢው ውስጥ አስቀምጠናቸው ስንመለስ የደቡቡ መልእክተኛ እየሳቀ ነበር።

«እንዲህ በአንድ ጠዋት የሚቀንስ ሰው አይቼ አላውቅም!» አለ። «ጀንበር ስትወጣ ጎንግ፣ ቁርስ ሲደርስ ዚ! እስከ ማታ ብንቆይ ገበሬ ሆኖ ይቀበራል።»

አንዳንዶቹ መልእክተኞች ፈገግ ሲሉ አየሁ። ቾንግ ፊቱ ቀላ። ሽማግሌው ሺንግ ግን ደረጃውን ተመልሰው ወጡና ከወጣቱ ፊት ቆሙ።

«የጌታህ ስም በንጉሡ መዝገብ እንዴት እንደተጻፈ ታውቃለህ?»

«ጌታዬ ንጉሥ ነው።»

«እሱ በቤታችሁ ነው። መዝገቡ ያለው እኔ ዘንድ ነው።» ሽማግሌው ጢማቸውን ዳሰሱ። «ዚ ይላል። አምስት ድስት። ቱዋን በተጻፈበት በዚያው መስመር፣ ከቱዋን ሁለት ስም ዝቅ ብሎ።»

ከመልእክተኞቹ አንዱ ሳል የመሰለ ድምፅ አወጣ፤ ሳል ግን አልነበረም። ወጣቱ እጁን ወገቡ ላይ አደረገ፤ በቀብር ቤት ሰይፍ የለም፤ እጁ ባዶ ቦታ ነካ።

«አሁን» አሉ ሺንግ ወደ ሌላው ወገን ዞረው፣ «ከመጻፌ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ። ሰባት ይሁን ብሎ ያዘዘ ማነው?»

ቾንግ አላመነታም። ጣቱን ወደኔ ቀሰረ። «ነሐስ ሠሪው ነው። ያልታዘዘውን ጨመረ፤ እኛም ዛሬ ጠዋት ነው ያየነው። እንቀጣዋለን።»

አዳራሹ በሙሉ ወደኔ ዞረ። ጽሑፉ ያንተ ነው ወይ ብለው ጭቃው ላይ ሲጠይቁኝ የኔ ነው ብያቸዋለሁ። ፓንግ በጎኔ ቆሟል። አንድ ቃል ሊናገር ፈልጎ ነበር፤ አልወጣለትም። አልፈርድበትም።

«ውሸት ነው» አሉ ጌታ ዪን።

ቾንግ ዞሮ አያቸው።

«ያዘዝኩት እኔ ነኝ» አሉ ጌታ ዪን። «ማቅለጫው ድረስ ራሴ ሄጄ ሁለት ጨምር ያልኩት፣ ጎንግ ብለህ ጻፍ ያልኩት እኔ ነኝ። ይህ ሰው የታዘዘውን ነው የሠራው፤ የሠራውም ጥሩ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው። ቅጣቱም የኔ ይሁን።»

ብለው ከሽማግሌው ፊት ተንበርክከው ግንባራቸውን ወለሉ ላይ አደረጉ። መስፍን ናቸው፤ የደቡቡ ሰው እያያቸው ነው።

ሺንግ የቀሩትን አምስት ድስቶች ዞረው አዩ። ከዚያ ለጸሐፊያቸው «ጻፍ» አሉት። «የቱዋን ዚ ተቀበሩ። ድስት አምስት። መሥዋዕት በበግ።» ጸሐፊው ብሩሹን አርሶ ሲጽፍ ሁላችንም እናየዋለን። «ተነሥ» አሉ ቀጥለው ጌታ ዪንን። «ስመለስ ንጉሡ ልጁ እንዴት ያለ ሰው ነው ብለው ይጠይቁኛል። ሲጠየቅ እውነቱን ይናገራል እላለሁ። ከሌሎቹ መሳፍንት ስለ ብዙዎቹ ይህን ማለት አልቻልኩም።»

ሣጥኑን አስመጡና ጄዱን በሁለት እጃቸው ሰጧቸው።

ጌታችን ከቀትር በኋላ ተቀበሩ። አምስቱ አሮጌ ድስቶች፣ አራት የእህል ዕቃዎች አብረዋቸው ወረዱ። የበሬውን ሥጋ እመቤቲቱ ለማቅለጫው ሰዎች ላኩልን። ፓንግ አንድ ቁራሽ አንሥቶ ለረጅም ጊዜ ያየው ነበር፤ በኋላ በላው። «ምን አደርጋለሁ» አለ፣ «ጥሩ በስሏል።» እግር የሌለው ዘበኛችንም አንድ ሙሉ ጎድን ደረሰው።

*

ቾንግ በወሩ ወደ ደቡብ ሸሸ። የደቡቡ ጦር ግን በዚያ በልግ አልመጣም፤ በቀጣዩም አልመጣም። ለምን እንደቀሩ አላውቅም። አንዳንዱ የንጉሡን ማጽደቂያ ፈርተው ነው ይላል፤ አንዳንዱ ወንዙ ሞልቶባቸው ነው ይላል።

በዚያው ዓመት መከር ሲገባ ጌታ ዪን አንድ ነጂ ብቻ ይዘው ማቅለጫው መጡ። ሁለቱ ድስቶች ከግድግዳው ሥር እንዳሉ ነበሩ፤ ማንም ምን እንደማደርጋቸው አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

«መቅለጥ ይችላሉ?» አሉኝ።

«ይችላሉ ጌታዬ።»

«አንድ ድስት እፈልጋለሁ፤ ለአባቴ ቤተ አምልኮ። ከትልቁ አሮጌ ድስት የማይበልጥ። ጽሑፉ አባትህ የጻፈው ቃል ይሁን።»

«ዚ?»

«ዚ።»

ትልቁን ድስት ዞር ዞር ብለው አዩት፤ በጣታቸው ጠርዙን ነኩት። ሐሳባቸውን የሚለውጡ መሰለኝ። አልለወጡም።

«ያን ቀን ደፋር ነበርኩ ብለህ ታስብ ይሆናል» አሉኝ። «አልነበርኩም። አጎቴ እንደዚያ እንደሚል ከዋዜማው አውቅ ነበር፤ ዝም ልል ነበር። ጣቱን ሲቀስርብህ ግን አየሁህ። አንተ እሱን አላየኸውም፣ እኔንም አላየኸኝም። እግርህን ነበር የምታየው።»

እውነት ነው፤ እግሬን ነበር የማየው።

«መቼ ይደርሳል?»

«የሸክላው ቅርጽ በደንብ መድረቅ አለበት። ብርዱ ሳይገባ አደርሳለሁ፣ ጎንግ» አልኩ።

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። ሠላሳ ዓመት ለአባታቸው የለመደ አፍ ነው። ልንበረከክ ስል እጃቸውን አወዛወዙ።

«ነሐሱ ላይ ዚ ብለህ ጻፍ» አሉኝ። «አፍህን ማንም አላዘዘውም።»

ሠረገላው ከበሩ እስኪወጣ ቆሜ አየሁት። ከዚያ ከባዱን መዶሻ አንሥቼ ትልቁን ድስት በጎኑ አስተኛሁት፤ የመጀመሪያውን ምት የመታሁት ጽሑፉ ያለበትን በኩል ነው። በአምስተኛው ምት ተሰነጠቀ።